ያላስነጠሰ ጭስ

የኋላው በር ቁልፍ አልተሰበረም። ኢንስፔክተር ናሁሰናይ በመጀመሪያ ያየው ይህን ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ ወርዷል፤ ግድግዳው ጠቁሯል፤ ከውስጥ ቀጭን ጭስ ይወጣል። የኋላው የብረት በር ጓጉንቸር ግን በወጉ ተከፍቶ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። አሁን የገባ ሰው አሁን ተመልሶ የሚዘጋው ይመስላል።

ጎንበስ ሲል ደፉ ላይ ናፍታ ሸተተው።

"ቁልፍ ያለው ሰው ነው" አለ ለሳጅኑ።

መጋዘኑ ቡሬ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ ያለ የወይዘሮ እናትነሽ የበርበሬ ማከማቻ ነበር። ባሏ ካረፈ ወዲህ ንግዱን ብቻዋን ይዛ፣ አንዲት ትንሽ ልጇን ታሳድግበታለች። እሳቱ የተነሣው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ በባልዲና በጀሪካን ውሃ እያቀባበለ ወደ ሌላ ቤት እንዳይዛመት አደረገ። ሽማግሌውን ዘበኛ አያ ገብረሰንበትን ከእሳቱ ጎትተው ያወጧቸውም ጎረቤቶች ናቸው። የጣሪያ እንጨት አናታቸውን መቷቸዋል። ነፍሳቸው አለች፤ አንደበታቸው ግን ተይዟል። በአምቡላንስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተወስደዋል።

ናሁሰናይ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ጀመረ። ባለቤቷ ሠርክአዲስ እስከ ክርኗ ጥላሸት ናት።

"ሊጥ እያቦካሁ ነበር" አለች። "በመስኮት ቀይ ሆኖ ታየኝ። ወጥቼ እሪ አልሁ።"

"ማን ማን መጣ?"

"ማን ያልመጣ አለ? እንኳን ጎረቤቱ ጠበኛዬም መጥታለች። ባልዲዬን ይዛብኝ ሄዳ አልመለሰችም እንጂ።"

"ዘበኛውን አየሻቸው?"

"አየኋቸው እንጂ! ይጣራሉ፣ ይጣራሉ። ምን እንደሚሉ አልለየሁም፤ እሳቱም ሰዉም ይጮሃል። ከዚያ ዘለው ገቡ። 'ኧረ አይግቡ!' አልን። ምን ሊያወጡ ነው? በዚያ ዕድሜያቸው ጆንያ ሊሸከሙ ነው?" በክንዷ ዐይኗን ጠረገች። ጥላሸቱ ጉንጯ ላይ ቀረ።

ከሰዉ ኋላ ጋቢውን ተከናንቦ የቆመው የሺጥላ ነበር፤ የእናትነሽ ሟች ባል ታናሽ ወንድም። ዐይኖቹ ቀልተዋል።

"እኔም ከሰዉ ጋር ውሃ ሳቀብል ነበር" አለ። "የበርበሬው ጭስ ዐይኔን አጠፋው። እስካሁን ሳንባዬ ልውጣ ይለኛል። ስስል ነው ያረፈድሁት።"

"ማንን ይጠረጥራሉ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ግን ሰው የሚለውን ልንገርዎት? እናትነሽ መድን ገብታለች ይላሉ። መድን የገባ ቤት ደግሞ እሳት ይወዳል ይላሉ። ሰው ነው ያለው፤ እኔ አላልሁም።"

ናሁሰናይ አመስግኖት አለፈ።

እናትነሽ እኩለ ቀን ላይ ከገበዝ ማርያም ደረሰች። የታመሙ እናቷን ልታስታምም ልጇን ይዛ ሄዳ ነበር። ከመኪና እንደ ወረደች መጋዘኑን አልጠየቀችም።

"አያ ገብረሰንበት የት አሉ?" ነበር ያለችው።

"ሆስፒታል ናቸው፤ ይተነፍሳሉ። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ስንት ነው?"

"ሁለት። አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ እሳቸው ዘንድ።" አንገቷ ላይ በክር የታሰረውን አወጣች። "ባሌም የራሱ ነበረው። ከሞተ ወዲህ ግን ዐይኔ አላየውም።"

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ጥቁሩን ግድግዳ ታያለች። ናሁሰናይም አባት ነውና፣ ቀጣዩን ጥያቄ ልጅቷ ዳቦ ቤት እስክትገባ አቆየው።

"መድን ነበረዎት?"

"ባሌ ነው ያስገባን። 'እሳት ዘመድ የለውም' ይል ነበር። ሲሞት እኔ ቀጠልሁ።" ቀና ብላ አየችው። "ይህን የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው?"

ናሁሰናይ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ።

በማግስቱ ከባሕር ዳር በሚመጣው መኪና አንዲት ሴት ወረዱ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ሸራ ጫማ አድርገዋል፤ በትከሻቸው አሮጌ ቦርሳ አንግተዋል። ወይዘሮ እፀገነት ይባላሉ፤ ከመድን ድርጅቱ የተላኩ ጉዳት ገማች ናቸው። ሥራቸው የጠፋው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደጠፋና ውሉ ይሸፍነው እንደሆነ መርምሮ መናገር ነው።

ናሁሰናይ መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ የሚሄዱ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን እናትነሽ ያለችበትን ዳቦ ቤት ጠይቀው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

"ቁርስ ቀምሰሻል?"

"አልበላ አለኝ።"

"እስክትበዪ እጠብቃለሁ። ቤት ከተቃጠለ ወዲያ የት ይሄድብኛል?"

እናትነሽ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ሴትዮዋ አልቅሳ እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ ተነሥተው ሠርክአዲስን ወንፊት ለመኗት።

"ለዱቄት ነው?"

"ለአመድ።"

"ኧረ በማርያም! በኋላ በምን ልነፋ ነው?"

"አዲስ እገዛልሻለሁ፣ ልጄ።"

መጋዘኑ ውስጥ ተንበርክከው ከየጥጉ አመድ እየዘገኑ ነፉ። ናሁሰናይ ከአጠገባቸው ቆመ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ቀላል፣ ነጣ ያለ፣ የአገዳ ቅርጽ ያለው ነገር ነው፤ ሲነኩት ይበናል።

"በርበሬ ሲቃጠል ዘሩ ከሰል ሆኖ ይቀራል" አሉ ቀስ ብለው። "እዚህ አንድም ዘር የለም። ይህ የጤፍ ገለባ ነው።"

"ጆንያ ሙሉ ገለባ?"

እፀገነት ወንፊቱን አራግፈው ወጡና ውሃ ያቀባበሉትን ሁሉ በየቤታቸው እየዞሩ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "ያን ጊዜ አስነጥሷችሁ ነበር?" ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱም አላስነጠሰም። አንዱም አላሳለም።

"ወይ ጉድ!" አለች ሠርክአዲስ እጇን አፏ ላይ ጭና። "አንዲት ዛላ እሳት ላይ ብትወድቅብኝ እንኳ ቤተሰቡ ሁሉ ደጅ ይወጣል። መጋዘን ሙሉ በርበሬ ነዶ ከበሩ ሥር ስቆም... እንዴት ሳላስበው?"

"ሰው የሆነውን ይናገራል" አሉ እፀገነት። "ያልሆነውን ካልጠየቁት አይነግርም።"

ናሁሰናይ ልቡ ከበደው። በርበሬው ከእሳቱ በፊት ወጥቷል፤ በቦታው ገለባ ተሞልቷል፤ በሩ በቁልፍ ተከፍቷል፤ ባለቤቷ ከከተማ ወጥታ ነበር፤ ካሳም ጠይቃለች። ለአለቃው ለኮማንደሩ ስልክ ሲደውል ድምፁ ራሱን አላስደሰተውም።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ማጭበርበር ነው" አሉት ኮማንደሩ። "ነገ ማታ በቁጥጥር ሥር እንድትውል።"

ስልኩን ሲዘጋ እናትነሽ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። አልጮኸችም።

"አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት" አለች። "ልጄ ሳታይ ውሰዱኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ናሁሰናይ ወደ ፍኖተ ሰላም ወጣ። ዘበኛው ዐይናቸውን ገልጠዋል የሚል ወሬ መጥቷል። እፀገነትም አብረውት ተሳፈሩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ መሬቱ የመጀመሪያውን ዝናብ ጠጥቷል፤ ገበሬው በቆሎ ይዘራል።

መንገድ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው አደይ ነበረች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በዚሁ በካሳ ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው።

"እማዬ፣ መኪናው የተገለበጠበት ሰውዬ አለቀሰብኝ። እኔም አለቀስሁ። ምን ላድርግ?"

"አልቅሺ። ግን ፎቶ ማንሣት አትርሺ።"

ናሁሰናይ ሳቀ። እሳቸው ግን ስልኩን እንደ ያዙ በመስኮት ውጪውን አዩ።

"ይህን ሥራ አትያዥ ብያት ነበር። መንገድ ነው፤ እሳት ነው፤ የሰው ፊት ነው። ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የት አደረች እያልሁ።"

"አንቱስ እንዴት ያዙት?"

"በታይፒስትነት ገባሁ፤ እሷን አዝዬ። አለቃዬ የጻፈውን ሪፖርት እየመታሁ፣ 'ይህ ሰው ያላየውን ነው የሚጽፈው' አልሁ። ሰማኝ። 'እንግዲያው ነይና እዪ' ብሎ ደምበጫ መንገድ ላይ የወደቀ የጭነት መኪና ዘንድ ወሰደኝ። መካኒክ ቤት ተቀምጬ የመኪና ዕቃ ስም ለቃቀምሁ። ገበያ ውዬ እህል መለየት ተማርሁ። ፈተናም ወደቅሁ፣ ደግሜ አለፍሁ። ቢሮ ተቀመጪ ሲሉኝ ግን እምቢ አልሁ።"

"ለምን?"

"ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው ሌባ ይመስላል። ቤቱ ስትሄድለት ነው ሰው የሚሆነው።" ወደ እሱ ዞሩ። "ልጄ፣ በርበሬው እዚያ እንዳልነበረ አውቀናል። ማን እንዳወጣው ግን ገና አላወቅንም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።"

"ኮማንደሩ ዘንድ አንድ ናቸው። ጊዜዬ እስከ ማታ ነው።"

አያ ገብረሰንበት ጭንቅላታቸው ተጠቅልሎ ተኝተዋል። ዐይናቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። አጠገባቸው አንድ ጎልማሳ ገበሬ ተቀምጦ እግራቸውን ያሻል። ነርሷ እንደነገረቻቸው፣ ከመጡ ጀምሮ በየቀኑ ይመላለሳል።

"አዛናው እባላለሁ። ከማንኩሳ ነኝ። አበልጄ ናቸው፤ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ።"

"በዘር ሰሞን በሬህን ትተህ?"

"በሬው ይቆየኛል፤ አበልጄ ላይቆዩኝ ይችላሉ።"

ተነሥቶ ጋቢውን ገልጦ በሽማግሌው ላይ ደረበ። ጋቢው ሲራገፍ ናሁሰናይ አስነጠሰው። ደገመው። እፀገነትም አስነጠሳቸው።

"ይማርዎት! ይማርህ!" አለች ነርሷ ከበር።

እፀገነት አፍንጫቸውን በመሀረብ ይዘው ገበሬውን ትኩር ብለው አዩት።

"በርበሬ ታመርታለህ?"

"እኔ? የበቆሎ ሰው ነኝ።"

"በግንቦት ደግሞ አምራች ነኝ ብትለኝም አላምንህም። የበርበሬ ለቀማው ያለቀው ድሮ ነው። ጋቢህ ታዲያ ምን ነክቶት ነው?"

አዛናው ተቀመጠ። እጁን በጉልበቶቹ መካከል ከተተ። ናሁሰናይ ጠየቀው፤ ዝም አለ። በሕግ አስፈራራው፤ ዝም አለ።

"እናትነሽ ማታ ልትታሰር ነው" አለው በመጨረሻ። "በርበሬዋን ደብቃ መጋዘኗን አቃጥላለች ተብላ።"

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ።

"እሷ? እሷ ምን አድርጋ! ጌታዬ፣ አደራ ነው። 'ለማንም' ብለውኛል። በታቦት ስም ቃል ሰጥቻለሁ። ለማንም ማለት ለማንም ነው። ለእሷም ቢሆን።"

"እንድትታሰር ትፈቅዳለህ?"

"አልፈቅድም። ግን አደራ የሚፈታው የሰጠው ሰው ነው። እሳቸው ደግሞ..." ወደ አልጋው አየ። "ሁለት ሌት አልተኛሁም። እዚህ የምመጣው ለምን ይመስላችኋል? አንድ ቃል ቢወጣቸው ብዬ ነው።"

ናሁሰናይ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እፀገነት ክንዱን ያዙት። ወደ አልጋው ጠጋ ብለው አጎነበሱ።

"አያ ገብረሰንበት፣ ይሰሙኛል? ከሰሙኝ ዐይንዎን ይክደኑልኝ።"

ሽማግሌው ዐይናቸውን ከደኑ፤ ገለጡ።

"እናትነሽ ደኅና ናት። ልጇም ደኅና ናት። ግን በርበሬው የት እንደሄደ ካልታወቀ እናትነሽን ያስሯታል። አዛናው አደራውን ጠብቋል፤ ለፖሊስም አልተናገረም። አሁን ይመልሰው? ይመልስ ካሉ እጁን ይጨብጡት።"

አዛናው ሻካራ እጁን በሽማግሌው መዳፍ ላይ አደረገ። አንዲት ጣት ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ የሽማግሌው እጅ የገበሬውን እጅ ያዘው፤ ቀስ እያለ ጠበቀ።

አዛናው እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አንሥተውልኛል" አለ። "አያችሁ አይደል? አንሥተውልኛል።"

ናሁሰናይ አጎነበሰ። "አያ፣ ያቃጠለውን ሰው ያውቁታል?"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ወደ ቡሬ ሲመለሱ ማንኩሳ ላይ ከመንገድ ወጥተው አዛናው ቤት ገቡ። በሩ ሲከፈት ሦስቱም ባንድ ጊዜ አስነጠሱ። የጆንያው ክምር ግማሹን ቤት ሞልቶ እስከ ቆጡ ደርሷል። የአዛናው ሚስት ልጆቿን ይዛ ማድቤት ውስጥ ነው የምትተኛው።

"አደራ ነው ይለኛል" አለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "አደራው ይኸውና ልጆቼን ሲያስነጥሳቸው ያድራል። ጎረቤት ጉንፋን ገባባችሁ ወይ እያለ ዝንጅብል ያመጣል።"

"እንዴት አመጣችሁት?" አለ ናሁሰናይ።

"በገበያ ቀን፣ በጋሪ" አለ አዛናው። "በገበያ ቀን ጆንያ የጫነ ጋሪን ማን ልብ ይለዋል? ስንመለስ ደግሞ ገለባ ሞልተን እንወስዳለን። መጋዘኑ ባዶ እንዳይመስል ነው ያሉኝ። እናትነሽ ከሄደች ወዲህ ልባቸው አላረፈም። 'ቤቱን የሚዞር አለ፤ ይቃጠላል ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ' አሉኝ። ማነው ብላቸው፣ 'ስሙን አልጠራም፤ ልጅ ነው፣ ይመለሳል' አሉ። እሷን ደግሞ እናቷ አልጋ አጠገብ ሆና ምን ላስጨንቃት አሉ።"

ናሁሰናይ ከደጅ ወጥቶ ለኮማንደሩ ደወለ። ኮማንደሩ በጥሞና ሰሙት።

"ጥሩ ሠርተሃል። ግን ዘበኛው የእሷ ሰው አይደለም እንዴ? አዝዛው ቢሆንስ? ያቃጠለውን ካላመጣህልኝ ትእዛዜ አይነሣም።"

የናሁሰናይን ዐይን በርበሬው ያቃጥለው ነበር። የአዛናው ሚስት በቅል ውሃ አምጥታ በእጁ አፈሰሰችለት። ፊቱን እየታጠበ ሳለ ድንገት ቀና አለ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል።

"እትዬ እፀገነት፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስነጥሷችሁ ነበር ወይ ብለው ጠይቀዋል።"

"ጠይቄያለሁ።"

"አንድ ሰው ግን አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅሁትም። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።"

እፀገነት ለአፍታ አሰቡና ዐይናቸው ፈጠጠ። "ሳልሁ ያለ ሰው አለ?"

"አለ።"

የሺጥላን የተቃጠለው መጋዘን በር ላይ አገኘው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሳጅኑ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ እናትነሽና እፀገነት ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ናቸው።

"የዚያን ዕለት ጠዋት የሆነውን እስቲ ደግመው ይንገሩኝ።"

"ነገርሁዎት እኮ። ውሃ ሳቀብል ነበር።"

"ጭሱስ?"

"ጭሱማ! በርበሬ ነው፤ አንጀት ያወጣል። ስስል..."

"አቶ የሺጥላ፣ በርበሬ አልነበረም።"

የሺጥላ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

"ጆንያው ሁሉ ገለባ ነበር። በዚህ በር ላይ ቆሞ ውሃ ሲደፋ የነበረ ሰው ሁሉ አላሳለም። ከዚህ ያልነበረ ሰው ብቻ ነው የበርበሬ እሳት እንዴት ያስላል ብሎ የሚገምተው።"

"ገለባ?" አለ የሺጥላ። "እኔ... በጨለማው ጆንያ ነው ያየሁት። ሙሉ ጆንያ ነው። እንዴት ገለባ ይሆናል?"

ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ነው። እጁ ወደ ጋቢው ሥር ገባ፤ ደረት ኪሱን ነካ። ናሁሰናይ እጁን ዘረጋ። የሺጥላ ጥቂት ቆይቶ አንዲት ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። የወንድሙ ነበረች።

"ቦታው የአባቴ ነው" አለ ዐይኑን ከቁልፏ ሳይነቅል። "መንገድ ዳር ነው፤ የሚፈልገው ሰው መጥቶ ነበር። አልሸጥም አለች። በርበሬው ከጠፋ ትሸጣለች ብዬ... ሰው እንዲጎዳ አልፈለግሁም። ሽማግሌው ከፊት ለፊት ዳሱ ውስጥ ነው የሚተኙት። ወደ ውስጥ ይገባሉ ብዬ አላሰብሁም። ሰው እንዴት ለበርበሬ ብሎ እሳት ውስጥ ይገባል?"

"እኔም ሁለት ቀን ይህን ስጠይቅ ነበር" አለ ናሁሰናይ። ድምፁ ዝቅ አለ። "አያ ገብረሰንበት ገለባ መሆኑን ያውቁ ነበር። ገለባውን የሞሉት እሳቸው ናቸው። ለገለባ ማን እሳት ውስጥ ይገባል?"

የሺጥላ ወደ ተቃጠለው በር ዞረ።

"ከመግባታቸው በፊት ይጣሩ ነበር። ሠርክአዲስ ሰምታለች፤ ቃሉን አልለየችም። እርስዎ ለይተውታል?"

ሰውዬው የጠቆረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

"ስሜን ነበር" አለ። "'የሺ! የሺ!' ይላሉ። እኔ... ሊይዙኝ የሚያሳድዱኝ መስሎኝ በኋላ በር ሮጥሁ። ቤቴ ገብቼ ተከናነብሁ። እስከ መጨረሻው 'የሺ' ሲሉ ይሰማኝ ነበር።" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ከውስጥ ቀረ ብለው ነው? ሊያወጡኝ ነው የገቡት?"

ናሁሰናይ ካቴናውን ከወገቡ አላወጣም። አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። ሲጨርስ በክንዱ ደግፎ አስነሣው።

የበርበሬው ጆንያ በጋሪ ተመልሶ ሠርክአዲስ ጓዳ ሲገባ መንደሩ ሁሉ አስነጠሰ። "ይህ ነው እንጂ በርበሬ!" እያሉ ተሳሳቁ። እፀገነት ሪፖርታቸውን እዚያው ዳቦ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጻፉ። ቤቱ ተቃጥሏል፤ ይካሳል። በርበሬው አልጠፋም፤ አይካስም። ባለንብረቷ የበርበሬውን ካሳ የጠየቀችው ባለማወቅ እንጂ በውሸት አይደለም። ከዚያ አዲስ ወንፊት ገዝተው ለሠርክአዲስ ሰጧት።

"በዚህ ሥራ ሲኖሩ ሰው ማመን አይከብድዎትም?" አለቻቸው እናትነሽ።

"ይከብደኛል። ለዚህ ነው እየዞርሁ የምጠይቀው። ልቤ እንዲያርፍ።"

ፍኖተ ሰላም ድረስ አብረው ሄዱ። እናትነሽ ጆንያ ስታስወርድ የዋለችበትን ነጠላ ሳትቀይር፣ ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። አዛናው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ግንባር ሳመች።

አያ ገብረሰንበት አፍንጫቸው ተሸበሸበ። አስነጠሱ።

"ይማርዎት!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ትንሿ ልጅ ሳቀች።

ሽማግሌው ደገሙ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ነገር ሊወጣ ይታገላል። እናትነሽ ጆሮዋን አስጠጋች።

"የሺ..." አሉ። ድምፁ እንደ ትንፋሽ ነው። "የሺ... ወጣ ወይ?"

ናሁሰናይ መሬት መሬቱን አየ። እፀገነት እናትነሽን አዩ። መጋዘኗ ተቃጥሏል፤ ስሟ በከተማው ሲነሣ ሲወድቅ ሰንብቷል፤ ያቃጠለባት ሰው ጣቢያ ተቀምጧል። እናትነሽ የሽማግሌውን እጅ አንሥታ በሁለት እጇ ያዘች።

"ወጥቷል፣ አያ" አለች። "አንድም ነገር አልነካውም። አሁን ይረፉ።"